እግር የማይቆረጥበት ፎቶ ቤት

ያለምወርቅ መልካሙ እልኸኛ ናት። ይህ ስም ማጥፋት አይደለም፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ የሚመሰክረው ነው። የተበላሸ ነገር እጇ ከገባ ወይ እሱ ይሠራል፣ ወይ እሷ ትታመማለች። ሦስተኛ መንገድ አታውቅም።

አባቷ ጋሼ መልካሙ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ቤት ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ከጉና የወረደ፣ ከእብናት የወጣ ገበሬ ሁሉ እሳቸው ፊት ቆሟል። በዚያ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፤ የሰው እግር አይቆረጥም። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ነው፣ እሱ ይቆረጥ። ሙሉ ቁመና የጠየቀ ሰው ግን ከጸጉሩ እስከ ጫማው፣ ጫማ ከሌለውም እስከ እግሩ ጣት ድረስ መግባት አለበት። የደጋ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለግድግዳ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚያዘው፣ አልቃሹ በየተራ እየተቀበለ የሚዞርበት ያው ፎቶ ነው። እግሩ የተቆረጠ ልጅ ይዞ ማን ይዞራል? አንዴ ቁርጭምጭሚት ላይ የቀረ ፎቶ የደረሰው አባት፣ "ልጄን ሰንካላ አደረግህብኝ!" ብሎ ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሮት ሄደ። ጋሼ መልካሙ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ሲሞቱ ለልጃቸው ቤቱን፣ ጥቁሩን መጋረጃና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የታጨቀ ፊልም ተዉላት። ስም የተጻፈበት አንድም የለም። ስም ይጻፉ እንጂ ሲባሉ "መልኩን አውቀው የለ!" ይሉ ነበር። መልኩን የሚያውቁት ሄዱ፣ ፊልሙ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል፣ አንዲት አሮጊት በበቅሎ መጥተው በሩ ላይ ወረዱ። እማማ ጌጤ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከክምር ድንጋይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው። ገብተው ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ዙሪያውን ቃኙ።

"አባትሽ ልጄን እዚህ ጋ አቁመው አንስተውት ነበር" አሉ። "ዓለምነው ይባላል። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ሊዘምት ሲል ነው። ፎቶዋን አምጥቶ ሰጠኝና ሄደ። ከዚያ ቤቴ ተቃጠለ፣ ፎቶዋም ልብሱም አብረው ነደዱ። ከርሞ መርዶው መጣ። እንግዲህ ለቅሶው ላይ ምን ልያዝ? ሰው የልጁን ፎቶ ይይዛል፣ ኮቱን ይይዛል። እኔ ባዶ እጄን አጨብጭቤ አለቀስሁት። ይኸውና እስከ ዛሬ የተለቀሰለት አይመስለኝም።"

ያለምወርቅ እንባዋ መጣ። እልኋም አብሮ መጣ።

"ፊልሙን አባባ አልጣሉትም፤ እዚሁ ቤት ነው። እማማ፣ ሳላገኝልዎ ብቀር እኔ የመልካሙ ልጅ አይደለሁም!"

"ቶሎ በይልኝ እንጅ ልጄ" አሉ። ለምን ቶሎ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ክረምቱን ሙሉ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ፊልሙን እያጸዳች በስካነር ወደ ኮምፒውተሯ ስታስገባ ከረመች። ልጁን አይታው ስለማታውቅ መለየት የሚችሉት እናቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዘንቦ ባባራ ማግስት ደጃቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ወገባቸው ተጎዳ፤ በቅሎ ላይ መውጣት ቀረ። ስለዚህ ያለምወርቅ ሁሉንም ፎቶ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠራች። ድረ ገጽ መሥራት በአጭር ሥልጠና ጀምራ የቀረውን በራሷ ስትታገል የተማረችው ነው። ገጹ ላይ አንዱ ፎቶ ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ በእሱ ቦታ ሌላው ቀስ ብሎ ይደምቃል። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምራል፤ ሥራ ፈትታ ቁጭ ብላ ታየው ነበር።

የእማማ ጌጤ የእህት ልጅ ብርቱካን ክምር ድንጋይ አስተማሪ ናት። አድራሻውን በስልኳ ተቀብላ ቤታቸው ድረስ ወስዳ አሳየቻቸው። ከዚያ ደወለች።

"ሁሉንም አየን" አለች። "የለም አሉ።"

እማማ ጌጤም ስልኩን ተቀበሉ። "ተይው በቃ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመሻል። አባትሽም ስንቱን ፊልም ያስቀምጡ፣ ጥለውት ይሆናል።"

ይሄኛው ንግግር ያለምወርቅን አንገበገባት። አባባ? ፊልም መጣል? የተቆረጠ ክር እንኳ ጠቅልለው ኪሳቸው የሚከቱ ሰው! ግን ፊልሙ አልቋል፣ ቆርቆሮው ባዶ ነው። የሐዘን ቤት የመሰለ ሳምንት አሳለፈች።

በሳምንቱ ብርቱካን የጥቂት ቀናት የመምህራን ስብሰባ ኖሯት ወደ ከተማ ወረደችና ልትጠይቃት ጎራ አለች። ተጨዋች ናት።

"ፎቶዎችሽ ግን እንዴት ያለ እስክስታ ይወርዳሉ እባክሽ!" አለቻት።

"የምን እስክስታ?"

"ነይ እይያ!" ብላ ስልኳን ከፈተች።

ወይ ጉድ! አንድ ሰውዬ ግማሽ ፊቱ መጣ፣ ነጠቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብልጭ አለ። ከዚያ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ። ያለምወርቅ ግን ቅደም ተከተሉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ በመሃል አንድ ወታደርና አንዲት ሙሽራ መምጣት ነበረባቸው።

"ወታደሩስ? ሙሽሪትስ?"

"የምን ሙሽራ? እንዲህ ነጭ ይሆንና ያልፋል እኮ። እኔማ የገጹ ዐመል ነው ብዬ። እማማም 'ራሴን አዞረኝ' እያሉ ነው የጨረሱት።"

ያለምወርቅ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። በራሷ ኮምፒውተር ብቻ አይታ ነው የላከችው። እማማ ጌጤ "የለም" ያሉት ያላዩትን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው። ልጁ እናቱ እጅ ላይ ደርሶ፣ በነጭ ስክሪን ተሸፍኖ አልፎ ይሆናል።

"ብርቱካን፣ ይህ ስልክ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"እንዴ! ስልኬን?"

"ስብሰባሽ እስኪያልቅ። ስብሰባ ላይ ስልክ ምን ያደርግልሻል? አዳምጪ!"

ብርቱካን እየሳቀችም እየተነጫነጨችም ተወችላት።

ሲሳይ የሚባል ኮምፒውተር የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፤ ከአዋሳ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ የሱቁ ጎረቤት። ገና እንደ ነገረችው "ኔትወርክ ነው" አላት። ይሄስ አይገርምም፤ በዚህ ከተማ ምጣድ ቢሰበርም ኔትወርክ ነው። ያለምወርቅ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ፣ ገጹን ከነፎቶው ስልኩ ውስጥ ገለበጠችና ኔትወርኩን ዘጋችው። ፎቶዎቹ ያው እስክስታቸውን ወረዱ።

"እሺ፣ ተረታሁ" አለ ሲሳይ። ወንበር ስቦም አጠገቧ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የመደብዘዣውን ጊዜ አረዘመችው፤ ቀስ ቢል ይለሰልሳል ብላ። ባሰበት። መንጠቁ ረዝሞ ታየ እንጂ አልቀረም። ቀጥላ ለጌጥ ብላ በየፎቶው ዙሪያ ያደረገችውን ጥላ አነሳች፤ ትንሽ ተሻለው። ሲሳይ ኮዷን እያነበበ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ፎቶው ሲደምቅ አብሮ እንዲያድግ አድርጋ ኖሯል።

"ይኼ ነው አንዱ ጣጣሽ" አላት። "መጠኑን እንዲህ በነካሽው ቁጥር ስልኩ ገጹን በሙሉ እንደ አዲስ ይደለድላል። መጠኑን ተይው፣ ድምቀቱን ብቻ ለውጪ።"

አስተካከለች። ጉርድ ፎቶዎቹ ወዲያው ሰው ሆኑ፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ሲደምቅ ዓይን አይጎረብጥም። ደስ ብሏት ልታጨበጭብ ስትል አንድ ወታደር ሊመጣ ሲል ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ ቀጥሎ አንዲት እናት፣ እሷም ነጭ። ያለምወርቅ አንዴ አየች፣ ደግማም አየች።

"ሲሳይ፣ የሚዘሉት ባለ ቁመናዎቹ ናቸው። ቆመው የተነሱት ሁሉ።"

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ጋሼ መልካሙ ለቁመና ሰፊውን ፊልም ነበር የሚጠቀሙት። እሷም የጫማው ክር ሳይቀር ይለይ ብላ በስካነሩ የመጨረሻ አቅም አስገብታዋለች። ያባቷ ሕግ አለባትና አንዱንም አልቆረጠች፣ አንዱንም አላሳነሰች።

"አሳንሻቸዋ" አለ ሲሳይ።

"አልነካም!"

"ያለም፣ ስልኩ እኮ መዳፍ የምታክል መስኮት ነው ያለው። አንቺ የቤተ ክርስቲያን በር የሚያህል ሥዕል በሷ አስገባ ትይዋለሽ። በዚያ ላይ መደብዘዙ መሃል!"

"የሰው እግር የሚቆረጥበት ቤት አይደለም አልኩህ!"

"ማን ቁረጪ አለሽ? ኧረ ምን በወጣኝ!" ብሎ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ትምህርት ነበረው።

ያለምወርቅ ተናዳ ብቻዋን ቀረች። ሲሳይን ነው ወይስ ራሷን የተናደደችው? ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄደ። አባቷ ራሳቸው ያተሟት፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት የእናቷ ፎቶ ተሰቅላለች። ሙሉ ቁመና ናት። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ እግሯ ግን እስከ ጫማዋ ጫፍ አለ። የዚያችው ፎቶ ትልቋ ደግሞ ሳሎን አለች። ሁለቱም ከአንድ ፊልም የወጡ ናቸው፤ ፊልሙም ሳይነካ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

"አይ አንቺ ያለምወርቅ!" አለች ጮክ ብላ። አባባ ያሉት አትቁረጪ ነው። ማን አታሳንሺ አላት? ለየኪሱ የሚሆነውንማ እሳቸውም ሲያሳንሱ ነው የኖሩት። ሕጉን ጠበቅሁ ብላ ሰውን ከነእግሩ ከዓይን ሰወረችው። እንደ ቂልም ሳቀች፣ እንደ ልጅም ከፋት።

ዋናዎቹን ፎቶዎች እንዳሉ አስቀምጣ ከእያንዳንዱ ለስልክ የሚሆን ትንሽ ቅጂ አወጣች። የየአንዳንዱን ሰው ጫማ እያየች ነው ያወጣችው፤ አንድም ጣት አልቀረም። አሁን ነጩ ስክሪን ጠፋ ማለት ይቻላል። ማለት ይቻላል ነው እንጂ አልጠፋም። አልፎ አልፎ አንዱ ብልጭ ይልና ግማሹን ያሳያል። ሌላ ሰው ቢሆን በቃ ይበቃል ይል ነበር። እሷ ግን የሚዘለው አንዱ ዓለምነው ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ እህል አላስበላትም።

መልሱ የመጣላት ጥቁሩን መጋረጃ ስታራግፍ ነው። ልጅ ሆና ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ የፎቶ ወረቀቱን ሥዕል በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ሲነክሩ ታይ ነበር። ሥዕሉ ሳይወጣ መጋረጃውን ልትገልጥ ስትል እጇን ቸብ ያደርጉና "ሳይበስል ብርሃን አታሳይው!" ይሏታል። የእሷ ገጽ ደግሞ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሰዓቱ ሲደርስ የቀጣዩ ፎቶ ይምጣ አይምጣ፣ ይብሰል አይብሰል ሳይጠይቅ መጋረጃውን ይገልጣል።

ማግስቱን ሲሳይ በኩርፊያ ሳይሆን በዳቦ መጣ። ነገረችው። "ለዚህ እኮ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለ" ብሎ አሳያት። ቀጣዩ ፎቶ በስተጀርባ ተከፍቶ እስኪዘጋጅ ድረስ ፊት ያለው እንዲቆይ፣ ዝግጁ ነኝ ሲል ብቻ መደብዘዙ እንዲጀመር አደረጉት። በብርቱካን ስልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩት። ወታደሮቹ መጡ፣ ሙሽሮቹ መጡ፣ ሁሉም በሁለት እግሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለ ሲሳይ፣ የአማርኛ ተረት ባገኘ ቁጥር ካልተናገረ አይሆንለትም።

ብርቱካን ስልኬን ብላ ስትመጣ ያለምወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ሱቋን ዘግታ ጠበቀቻት።

"እኔም እሄዳለሁ። ዛሬ በዓይኔ ሳላይ አላምንም።"

እስከ ክምር ድንጋይ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ወጡ። የጉና ብርድ አጥንት ይገባል። እማማ ጌጤ በጠራራው ፀሐይ ግድግዳ ተደግፈው፣ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አጋድመው ነበር። ሳም ሳም ተደራረጉና ያለምወርቅ ነገሩን አስረዳቻቸው፤ ያላዩዋቸው ሰዎች እንደነበሩ፣ ጥፋቱም የእሷ እንደሆነ። እማማ ጌጤ ስልኩን አልተቀበሉም።

"ልንገርሽ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፈራሁ። ያን ጊዜ የለም ያልሁት፣ የለም ይሁን አላወቅሁት ይሁን ለራሴም አልታወቀኝ። መልኩ እያደር ጠፋኝ። ሌሊት ይመጣል፣ ፊት የለውም። እናት የልጇን ፊት ትረሳለች? ለማን ይወራል? አሁን ፊቴ ቆሞ ባላውቀውስ?"

ያለምወርቅ "አብረን እናያለን እማማ" ብላ አጠገባቸው ተቀመጠችና ስልኩን ይዛ ከፈተችው።

ሰዎቹ በእርጋታ መጡ፣ በእርጋታ ሄዱ። እማማ ጌጤ ቀስ በቀስ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። "ይኼ የበላይነህ ወንድም አይደል? አፈር አይንካውና!" "ይችን እይልኝ፣ ሹሩባዋን!" እያሉ ይጨዋወቱ ጀመር። አንድ ቀጭን ወጣት ደመቀ። ኮሌታውን ቆልፏል፣ እጆቹን የት እንደሚያደርግ ጨንቆታል። እማማ ጌጤ ፊቱን አዩት፣ ጠጋ ብለውም አዩት።

"ይኼን… ይኼንም አላውቀው" አሉና ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ።

ወጣቱ ጫማ አድርጓል። የቀኝ ጫማው በክር ታስሯል። የግራው ማሰሪያ ግን ክር አይደለም፤ ሰፋ ያለ ጥለት ነው።

"የቀሚሴ ጥለት!" ብለው ጮኹ። "ክሩ ቢበጠስበት ከቀሚሴ ቀድጄ አሰርሁለት! እኔ ነኝ ያሰርሁለት! ዓለምነው! ዓለምዬ!"

ይህን ሲሉ ፎቶው ሰዓቱ ደርሶ መደብዘዝ ጀመረ። ምንም አልተንገጫገጨም፤ ያለምወርቅ እንደለፋችበት ሆኖ፣ ልስልስ ብሎ ልጁ ከእናቱ ዓይን መጥፋት ጀመረ።

"አትውሰጅብኝ! ያዥው! ያዥው እንጅ!"

ያለምወርቅ ደነገጠች። ፎቶው በደንብ እንዲያልፍ ስትታገል ማቆሚያ አላበጀችለትም። ወደ ኋላ መመለሻውን ተጫነችው። ልጁ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መደብዘዝ ጀመረ፤ ደግማ መለሰችው። ስክሪኑን እንዳለ ፎቶ አንስቶ ለማስቀረት መንገድ እንዳለ እሷም ብርቱካንም ያውቃሉ፣ ግን በዚያች ሰዓት ማን ያስታውሳል? እማማ ጌጤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ከእሷ ተቀብለው ተነሱ። ምርኩዛቸው እዚያው እንደተጋደመ ቀረ። ስልኩን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ወደ ደጁ መሃል ወጡ፣

"ባዶ እጄን ያለቀስሁህ ዓለምነው ልጄ፣
በእግርህ መጣህልኝ ዛሬ ከደጄ!"

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣ። ማን ሞተ ብሎ የመጣው ሁሉ ከፍ ብሎ የተያዘውን አይቶ ነገሩ ገባው፤ ወንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ ከኋላቸው ተሰለፈ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የዓለምነው ለቅሶ ዛሬ ተለቀሰ። ያለምወርቅ ክንዷን ዘርግታ ከእማማ ጌጤ ጎን ጎን አብራ ዞረች፤ እያለቀሰች፣ ፎቶው ሊደበዝዝ ሲል በአውራ ጣቷ እየመለሰችው።

ከተማ ተመልሳ በመጀመሪያ ያደረገችው ፎቶውን ከትልቁ ፋይል ከነጫማው አትማ መላክ ነው። ቀጥላ ገጹን ከፈተችና ሰዓት የሚቆጥረውን የኮዱን ክፍል ደመሰሰችው።

ሲሳይ አይቶ አዘነ። "ያን ሁሉ ለፍተን በራሱ እንዳይሄድ አደረግሽው?"

"ያየው ሰው ሲጠግብ ያሳልፈው" አለችው።